ያልተሰፋች ጥግ

ፍራሽ ሰሪው፣ ሚስቱ፣ ባለቤርጎውና እኔ። ትናንት ልጄ የገዛችው የስፖንጅ ፍራሽ ላስቲኩ ሲቀደድ፣ በዚያ መድኃኒት መድኃኒት በሚል ሽታ ውስጥ እነዚህ ሰዎች ተራ በተራ መጡብኝ። ሳላስበው እጄን ወደ ፍራሹ ጥግ ሰደድኩ። "አባዬ፣ ምን ጠፋብህ?" አለችኝ። "ምንም" ብዬ ላስቲኩን ሰበሰብኩላት። ለአንተ ግን ልንገርህ።

ፍራሽ ሰሪው ጌታዬ ነበር። ኮልፌ ገበያ አጠገብ በተከራያት ጠባብ ሱቅ ጥጥ በደጋን ይነድፋል፤ ሚስቱ በስፌት መኪናዋ የፍራሹን ጨርቅ ትሰፋለች። እኔ ጎረምሳው ጥጡን እፈታለሁ፤ በማገኘው ደመወዝም የማታ ትምህርት እከፍላለሁ። የደጋኑ ጅማት ድው፣ ድው ሲል ብናኙ በበሩ በሚገባው ፀሐይ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ምላሳችን ላይ ሳይቀር ጥጥ ጥጥ ይለናል።

ጌታዬ አንድ ደንብ ነበረው። የፍራሹን ሦስት ጥግ ይሰፋና አራተኛዋን ክፍት ይተዋታል። ገዢው እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ ከመሃል ጥጥ መዝዞ ካላየ በቀር አትሰፋም። "እጅዎን ያስገቡ!" ማለት ስለሚያበዛ የሰፈር ልጆች ስሙን "እጅ ያስገቡ" አሉት። አልተቆጣም።

ከዚያ ስፖንጅ መጣ። ገበያው ቀዘቀዘ፣ ኪራይ ተጠራቀመ፤ አከራዩም ወሩ ካለቀ ሱቁን እንደሚያሽገው ነገረን። አስኮ ላይ ቤርጎ ሊከፍት የተነሳው ነጋዴ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። የቤርጎውን ፍራሽ በሙሉ አዘዘ፤ ቀብዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ኪራዩን ከፍሎ የሚተርፍ ገንዘብ ነበር።

"ጋሼ፣ ጥጓን ጥጥ ያድርጓት። መሃሉን ቡትቶ ይጠቅጥቁበት። መሃሉን ማን ያየዋል?"

"የተኛበት ሰው ጎን።"

"ቤርጎ እኮ ነው! አንድ ሌሊት አድሮ ለሚሄድ ሰው!"

"አንድ ሌሊትም ጎን ጎን ነው፣ ወንድሜ።"

ነጋዴው ሳቀ። "ወሬዎ ከጥጥዎ ይለሰልሳል። በዚህ ዕድሜዎ ጾም ሊያድሩ ነው?"

የጌታዬ ሚስት ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል መለሰችለት፤ "ጾሙን እናውቅበታለን። በሰው ጎን ግን አንፈስክም። ብርህን አንሳልኝ፣ የስፌት ክሬ ላይ ተጭኖብኛል።"

ነጋዴው ቀብዱን አንስቶ ሄደ። እውነቱን ልንገርህ፤ እኔ በሆዴ ጌታዬ እሺ እንዲል እጸልይ ነበር። የተራበ ሰው መርህ አይታየውም የሚሉት ግን ውሸት ነው። ይታየዋል፤ ይከብደዋል እንጂ።

ወሩ አለቀ፤ ሱቁ ታሸገ። የስፌት መኪናዋ ለውዝፉ ኪራይ ተሸጠች። አንዲት ጉሊት ነጋዴ ቀድማ የከፈለችበት ፍራሽ ግን ቀርቶብን ነበር። ጌታዬ ከታሸገው በር ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር ሸራ ዘርግቶ መንደፍ ጀመረ። ነፋሱ ጥጡን እያነሳ የመንገደኛውን ፀጉር አነጣው። አላፊው ቆሞ ያያል፤ እሱ አንገቱን አልደፋም። ሚስቱ በእጇ ሰፋች።

ሴትዮዋ ስትመጣ ሁሉን አየችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ጋሼ፣ ይስፉት በቃ። አምንዎታለሁ።"

"እመኚኝ አላልኩሽም፤ እጅሽን አስገቢ።"

አስገባች። የወጣው ጥጥ እንደ ወተት አረፋ ነጭ ነበር። ያን ጊዜ ነው ጥጓን የሰፋት።

ዛሬ እኔም አባት ነኝ፤ ያወቅኩትን ያወቅኩት ከትምህርት ቤት ውጭ፣ በየሰው ደጃፍ መጽሐፍ እየተዋስኩ ነው። የጌታዬ ደንብ ርካሽ ነበር ብዬ አልዋሽህም። ባለቤርጎው ሌላ ፍራሽ ሰሪ አገኘ፤ ደንቡ እሱን ምንም አላስከፈለውም። ጌታዬን ሱቁን፣ ሚስቱን መኪናዋን፣ እኔን የማታ ትምህርቴን አስከፈለን። ድምሩ ይኸው ነው። ቅናሽ አልጠየቅንበትም።