ሽማግሌ የተላከበት ዝውውር

የሆስፒታላችን ሰመመን ሰጪ የዝውውር ማመልከቻውን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጠ ዕለት የቢሮዬ ቬንትሌተር እንኳ ቆመ። መብራት ጠፍቶ ነው እንጂ አዝኖ አይደለም። እኔ ግን አዘንሁ፤ ተናደድሁም። በሽተኛን ለቀዶ ሕክምና የሚያስተኛልን ሰው እሱ ብቻ ነው። እሱ ከሄደ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይዘጋል፤ ከገለጉ ከተማ በጭነት መኪና ተንገላታ የደረሰች ምጥ የጠናባት ሴት፣ እንደገና ወደ ጎንደር ትጫናለች። ደርሳ ከተረፈች ተመስገን ነው።

የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ ነኝ። በወረቀት ላይ ሥራዬ ሠራተኛ መቅጠርና ማትጋት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሥራዬ መሸኘት ነው። ቆላ ነዋ! ሙቀቱ አለ፣ ወባው አለ። ከደጋ ተመድቦ የመጣ ልጅ ሻንጣውን ሳይፈታ ስለ ዝውውር ይጠይቀኛል። እኔም አልሰንፍም፤ «የሠራተኛ ቁርጠኝነት» የሚል ሥልጠና አዘጋጃለሁ። ባለፈው ጊዜ የመጣው ግማሹ አንቀላፋ። ያልመጣው ሰሊጡን ሊያሳጭድ ሄዷል።

ሰመመን ሰጪውን ለብቻው ጠርቼ «ምን ጎደለብህ?» ስለው፣ «ምን ያልጎደለ አለ?» አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሲጠሩት እምቢ ብሎ አያውቅም። እኔም የምሰጠው ነገር ቢኖር የምስክር ወረቀት ነው፤ ለእሱም የማተሚያው ቀለም አልቆ ነበር።

ወሬው እንዴት ከግቢ እንደወጣ አልመረመርሁም፤ የእኛ ሾፌር ባለበት ምስጢር ብሎ ነገር የለም። አንድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች የቢሮዬ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አንዱ የሰሊጥ ገበሬ፣ አንዱ መርጌታ፣ ሦስተኛው በሱዳን ጀላቢያ ላይ ጋቢ የደረቡ የድንበር ነጋዴ ናቸው። በዚያ ሙቀት ጋቢ የሚደርብ ሰው ለከባድ ጉዳይ እንደመጣ አወቅሁ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኋቸው።

«የመጣንበትን ሳይሰሙን አንቀመጥም፣ እሜቴ» አሉ ገበሬው።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። በአገራችን ሽማግሌ እንዲህ ቆሞ የሚናገረው ልጅ ለጋብቻ ሲጠይቅ ነው። መርጌታው ቢሮዬን ቃኙና «አባቱ የሉም?» አሉ።

«ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ሄደዋል።»

«እንግዲያ እናቱም ይበቁናል። ልጅዎን ለአገራችን እንዲሰጡን ልንለምን መጥተናል።»

እኔ ለዚያ ልጅ እናት የሚያደርገኝ ዕድሜ የለኝም፤ ከነከነኝ። ወግ ግን ወግ ነውና «ከዘመድ ሳልመክር ቃል አልሰጥም» ብዬ ልጁን አስጠራሁት።

ገና ሲገባ ሦስቱም ጎንበስ ብለው እጅ ነሡት። ደንግጦ ግድግዳ ተደገፈ።

«ልጄ» አሉ ገበሬው፣ «ስለ ሙቀቱ ከእግዜር ጋር ተነጋገር፤ እኛ አንችለውም። ቤቱ ከከፋህ ቤት እንሠራልሃለን። ብቸኝነት ከሆነ ሚስት እንፈልግልሃለን። ሴቶቻችን መንገድ ላይ እየቀሩብን ነውና አትሂድብን።»

ልጁ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ወደዚህ ስመደብ የገዛ አባቴ እንኳ ሂድ ነው ያለኝ» አለ፤ «አትሂድ ብሎ የለመነኝ ሰው የለም።» ማመልከቻውን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተ። መርጌታው መረቁ፤ ኮሪደሩ ላይ የነበሩ አስታማሚዎች እልልታውን አቀለጡት። በደስታ አለቀስሁ፤ ያን ሁሉ ሥልጠና ለማን እንደሰጠሁ ግን እግዜር ይወቅ።

ደስታዬ ብዙ አልከረመም። በማግስቱ የላቦራቶሪ ባለሙያው የዝውውር ማመልከቻ ይዞ መጣ። «ወዴት ነው?» ስለው «ወዴትም ይሁን» አለ፤ «ሽማግሌዎቹ መቼ ነው የሚመጡት?» ቀጥሎ ፋርማሲስቷ መጣች፤ ቀጥሎ የካርድ ክፍሉ ሰው። እዚሁ ተወልዶ ያደገው፣ ቤቱ ከሆስፒታሉ አጥር ጋር የተያያዘው ዘበኛችን ሳይቀር አመለከተ።

«አንተ ደግሞ ወዴት ልትሄድ ነው?»

«ከጓሮው በር ወደ ፊት ለፊቱ።»

ሽማግሌዎቹ አይሰለቹም፤ ጋቢያቸውን እየደረቡ መጥተው አንድ በአንድ ለመኗቸው። ሁሉም ጥቂት ተግደርድሮ፣ አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ። ዘበኛው ከሁሉም በላይ አስለመነ። መርጌታው ላባቸውን እየጠረጉ «እሜቴ፣ ስንት ልጅ ነው ያለዎት?» አሉኝ።

ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ አንጋፋዋ አዋላጃችን ወደ ቢሮዬ ገቡ። ሆስፒታሉ ገና ጤና ጣቢያ ሳለ ጀምሮ ያሉ ሴት ናቸው፤ የከተማው ልጅ የተወለደው በእሳቸው እጅ ነው። ሳላስበው ዓይኔ ወረቀት ፍለጋ ወደ እጃቸው ሄደ። ባዶ ነው።

«እርስዎም ሊለቁን ነው?» አልሁ።

«እኔማ የትም አልሄድ።»

«ታዲያ ምን ልታዘዝ?»

«ልጠይቅሽ ብዬ ነው» አሉ፤ «የማይሄድ ሰው አይለመንም ወይ?»

ፊቴ በኀፍረት ጋለ። ወንበር ስቤ እንዲቀመጡ ብለምናቸው፣ «ምጥ የያዛት ሴት ትቼ ነው የመጣሁ» ብለው ወጡ።