የውሃ አባቱ ሰዓት

የሸዋ ሮቢት ሙቀት የሰዓት ማሰሪያ ጠላት ነው። ትናንት ከባጃጅ ወርጄ ግንባሬን በእጄ ጀርባ ስጠርግ፣ በላብ የራሰው የቆዳ ማሰሪያዬ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና አስፋልቱ ዳር ባለሁበት አቆመኝ። አሥራ አንድ ሰዓቶች አሉኝ፤ ሁሉም በእጅ የሚሞሉ፣ ሁሉም የወንድ፣ ግማሾቹ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ። ባለቤቴ «ስልክሽ ሰዓት አይናገርም ወይ?» እያለ ያሾፍብኛል፤ እኔ ግን በየማለዳው አንዷን መርጬ፣ መሙያዋን በሁለት ጣቴ ይዤ፣ በቃኝ እስክትል ድረስ ካላጠበቅኋት ቀኑ የጀመረ አይመስለኝም። ደቂቃዋን ለማስተካከል መሙያዋን ሳብ ሳደርግ ግን፣ ይኸው በዚህ ዕድሜዬ፣ መጀመሪያ ዞር ብዬ የሚያየኝ ሰው መኖሩን አያለሁ።

አባቴ ጋሼ ሰይድ በሰፈራችን የውሃ አባት ነበር። ከሮቢ ወንዝ የሚጠለፈውን የመስኖ ውሃ ለሽንኩርቱና ለማንጎው እርሻ በተራ የሚያከፋፍለው እሱ ነበር፤ ለአንዱ ሁለት ሰዓት፣ ለሌላው ሦስት፣ ሁሉንም የሚለካው ፊቱ እንደ ሻይ በቀላው የእጅ ሰዓቱ ነው። በውሃ የተነሳ ዱላ የሚማዘዙ ጎረምሶች እሱ ክንዱን ገልጦ «በቃ፣ ዝጋ» ሲል ያለ አንድ ቃል ይዘጉ ነበር። በረመዳን ደግሞ መስጊዱም ወደ እሱ ክንድ ያያል። የእኛ አገር ፀሐይ ቀኑ ሳያልቅ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ ስለምትገባ ጥላው ሰው ያሳስታል፤ መብራት ጠፍቶ ሬዲዮ ዝም ባለ ቀን ሼህ እንድሪስ አባቴን ሳይጠይቁ አዛን አይሉም።

በሰባት ዓመቴ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ጉራዬን ነዝቼ ሙሉ ቀን መጾም ጀመርኩ። እስከ እኩለ ቀን ጀግና ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከውሃ እንስራው ላይ አልነሳ አለ። ከሰዓት በኋላ ለአሱር ሶላት አባቴ ዉዱእ ሊያደርግ እጅና ክንዱን ሲታጠብ፣ እንደ ልማዱ ሰዓቱን ፈትቶ በእጄ አስያዘኝ። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፦ አባቴ ሰዓቱን አይቶ «ደረሰ» ሲል ነው የሚመሸው፣ ስለዚህ ፀሐይን የሚያዛት ሰዓቱ ነው። መሙያውን ሳብኩና ረጅሙን ቆጣሪ ሩብ ሰዓት ያህል ወደ ፊት ነዳሁት። ቀና ብዬ አየሁ። ፀሐይ ንቅንቅ አላለችም። ደንግጬ ልመልሰው ስል አባቴ ክንዱን እያራገፈ መጥቶ ሰዓቱን ወሰደና አሰረው።

ወደ ማምሻው ደመናው ተራራውን ሸፈነው፤ መብራት ከጠዋት ጀምሮ አልነበረም። ወንዶቹ በመስጊዱ ግቢ ቴምራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እኔ በሩ ጋ ቆሜ «አባዬ፣ ሰዓቱን ነክቼዋለሁ» የሚለውን በሆዴ እደጋግመዋለሁ።

«ሰይድ፣ ደረሰ?» አሉ ሼህ እንድሪስ።

አባቴ ክንዱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ «ትንሽ» አለ። ያቺ ትንሽ አላልቅ አለችኝ። ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሁለት ጊዜ ገጠምኩት።

«ደረሰ» አለ አባቴ።

አዛን ተባለ፣ ቴምሩ ተበላ፣ ውሃው ተጠጣ። እኔም ጠጣሁ፤ ልዋሽ አልችልም፣ ጣፋጭ ነበር። ብርጭቆው ከአፌ ሳይወርድ ግን ደመናው በተራራው ጫፍ ላይ ተሰንጥቆ፣ በስተ ምሥራቅ በአፋር በኩል ያሉት ኮረብታዎች ፀሐይ መታቸውና እንደ ሸክላ ቀሉ። ቀኑ አላለቀም ነበር። የጮኸ ሰው የለም። አባቴ ሰዓቱን ወደ ጆሮው ወሰደ፤ ይሄዳል። ቆሞ ቢሆን ይሻለው እንደነበር ፊቱ ላይ አየሁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ተነስቶ። «የዛሬን ቀዷ አውጡ፣ ሌላ ቀን ጹሙበት፤ እኔንም ይቅር፣ አውፍ በሉኝ።»

ሴቶቹ በየቤታቸው በዚያው አዛን ስላፈጠሩ፣ በማግስቱ እጄን ይዞ በየደጃፉ ዞረ። በእያንዳንዱ በር «አውፍ በሉኝ» ይላል፣ «አውፍ ብለናል» ይሉታል፣ እኔ ወደሚቀጥለው በር እከተለዋለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ «ለሩብ ሰዓት ነው እንዲህ የሚንከራተቱት ጋሼ ሰይድ?» ብላ ሳቀችና ለእኔ ማንጎ ሰጠችኝ። አልበላሁትም። ከረመዳን በኋላ፣ ቦዩ ዳር፣ አንድ ገበሬ በትሕትና «ጋሼ ሰይድ፣ ሰዓትዎ ልክ ነው?» ሲል ጠየቀው። እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ የውሃ አባትነቱን ለሌላ አስረከበ፣ ሰዓቱንም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሲከራከር ቢያይ እንኳን አንገቱን ደፍቶ ያልፍ ነበር። እኔ ፈሪ ነበርኩ። ልነግረው ልነግረው እያልኩ አደግኩ፣ አገባሁ፣ እሱም ሳይሰማው ሞተ።

የሰው ሐቅ ከጫንቃ የሚነሳው ባለቤቱ ይቅር ሲል ነው። ከእነዚያ ደጃፎች ዛሬ የቀረችው እትዬ ዘሃራ ብቻ ናት፤ ትናንት የመጣሁትም ለእሷ ነው። ልጆቿ በረንዳው ላይ አስቀምጠዋት አገኘኋት። አጠገቧ ተቀምጬ መሙያውን እንዴት እንደሳብኩ፣ በሩ ጋ እንዴት ዝም እንዳልኩ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳትና «አውፍ በይኝ» አልኳት። ክንዴን ዳበሰች።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ።

«የጋሼ ሰይድ።»

«የውሃ አባቱ?» ፊቷ በራ። «እንግዲያ ሩጪና ጠይቂልኝ፣ መግሪብ ደርሶ እንደሆን። የእነዚህን ልጆች ስልክ አላምነውም፤ እሳቸው ደረሰ ካላሉ ውሃም አልቀምስ።»

ረመዳን አልነበረም። እሺ አልኳትና፣ የምጠይቀው ሰው እንዳለኝ ሁሉ፣ ተነስቼ ወጣሁ።