ከግራ ጀምሪ

ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌላው ነገር ያለ እሱ ስለማይገባ ነው። አገሬ ሳለሁ ወሎ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ሁለት ዓመት አምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ያኔም ቢሆን ልጆቹ ከሒሳቡ ይልቅ እኔን ነበር የሚፈሩት። አሁን ጅቡቲ ከተማ፣ ባሕሩ አጠገብ ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ ተቀጥሬ፣ እዚያው እያደርኩ እሠራለሁ። በባቡር መጥቼ ናጋድ ጣቢያ ከወረድኩ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እመቤቴ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። "ቦዬስ" ነው የምትለኝ፤ እዚህ የቤት ሠራተኛ ሁሉ የሚጠራው እንደዚያ ነው።

አርብ አርብ እስከ ምሳ ሰዓት ዕረፍት አለኝ። ያችን ዕረፍት የማሳልፋት ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ በቆርቆሮ በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ ከምትኖር የአገሬ ልጅ ጋር ነበር። ሴትየዋ ድሮ ወደ የመን ልትሻገር በእግሯ የመጣች ናት። እርጉዝ ስለነበረች ደላላው አልጭንሽም አላትና እዚሁ ቀረች። የወለደቻት ልጅ አሥር ዓመቷ ነው። የልደት ወረቀት ስለሌላት የተቀበላት መስጊድ አጠገብ ያለ የአረብኛ ትምህርት ቤት ብቻ ነበር፤ እዚያ አራት ዓመት ተማረች። ከእናቷ ጋር በአማርኛ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር በሶማልኛ ታወራለች። ስትቆጥር ግን በአረብኛ ነው።

ባለፈው ዓመት እናትየዋ ልብስ የምታጥብለት አንድ የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ልጅቷ የሒሳብ ፈተና ወስዳ ከሃያ አሥር ካመጣች ያለ ወረቀትም እንደሚቀበላት ነገራት። መለማመጃ እንዲሆናት አንድ ገጽ ጥያቄም ሰጣት። እናትየዋ ገጹን እንደ መድኃኒት ማዘዣ አጥፋ ይዛ መጣችልኝ።

"እህቴ፣ አንቺ አስተማሪ ነበርሽ" አለችኝ። "ካለፈች ይቺን ክፍል እንደያዝኩ፣ ልብስ እያጠብኩ አስተምራታለሁ። ከወደቀች ግን አንዲት እመቤት ልጅሽን ይዘሽ እኔ ቤት ተቀጥረሽ ግቢ፣ እሷ መንታ ልጆቼን ትያዝልኝ ብላኛለች። መግባታችን ነው እንግዲህ።"

"ለዚህችማ!" አልኩ ገጹን አየት አድርጌ። "በሁለት ወር አንበሳ አደርግልሻለሁ።"

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅቷን "ቲቸር" ብለሽ ጥሪኝ አልኳት። እንደዚያ ተብዬ ከተጠራሁ አራት ዓመት አልፎኝ ነበር፤ መጀመሪያ ስትጠራኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

በገጹ ላይ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ነበር። አንዱ የስሌት ቅደም ተከተል ነው፤ መደመርና ማባዛት ተደባልቀው ሲመጡ የቱ ይቀድማል የሚለው። ሌላው የቁጥር ማሽን ነው። ሣጥኖች በመስመር ይሳላሉ፤ ቁጥር ከግራ ይገባል፣ አንዱ ሣጥን ያባዛዋል፣ ቀጣዩ ይደምርበታል፣ በቀኝ በኩል ሌላ ሆኖ ይወጣል። ጥቁር ሰሌዳ ስላልነበረን የፓስታ ካርቶን ዘርግቼ በከሰል እጽፍ ነበር።

በመጀመሪያው አርብ 2 + 3 × 4 ብዬ ጻፍኩላት። ጊዜም አልወሰደባት፤ "አሥራ አራት" አለች። እኔ ሃያ ትለኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ ስንቱ ተማሪዬ ሃያ እያለ አቃጥሎኛል! እናቷን ጠርቼ ይቺ ልጅ ተአምር ናት አልኩ። ቀጥዬ 3 × 4 + 2 ብዬ ሰጠኋት። "አሥራ ስምንት" አለች።

"አሁን አውቀሽው አልነበር? ትቀልጂብኛለሽ?"

ልጅቷ ፈራች። ሦስተኛ ጥያቄ ሰጥቼ ጣቷን ስከተል ነው የገባኝ። ከቀኝ ነበር የምትጀምረው። በተማረችበት ትምህርት ቤት ሒሳቡም እንደ ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያው ጥያቄ ከቀኝ ሲነበብም አሥራ አራት ስለሚሆን ነው ያገኘችው፤ ማባዛት እንደሚቀድም ሰምታም አታውቅም። ማሽኑንም እንደዚያው ነበር የምታደርገው። አምስት አስገብቼ በሦስት አባዝቶ አራት የሚደምር ማሽን ስሰጣት፣ አስቀድማ አራቱን ደምራ ኋላ በሦስት አባዝታ ሃያ ሰባት አወጣችልኝ።

"መልካም ነገር ሁሉ ከቀኝ ነው ይላሉ" አለችኝ። "በቀኝ ነው የሚበላ፣ በቀኝ እግር ነው የሚገባ።"

"ሒሳብ በግራ ነው የሚገባው" አልኳት።

ከዚያ በኋላ ሰባት አርብ ሙሉ ከቀኝ እጇ ጋር ተጣላሁ። ቅደም ተከተሉን እንኳ ቶሎ ያዘችው፤ ቅንፍ፣ ማባዛትና ማካፈል፣ መደመርና መቀነስ እያለች እንደ ዱዓ ትደግመው ነበር። ጣቷ ግን ትንሽ ስዘናጋ ወደ ቀኝ ይሄዳል። መብራት ሲጠፋና ማራገቢያው ሲቆም ክፍሏ ምጣድ ትሆናለች፤ ያን ጊዜ እኔም አልቻልም። ደንቆሮ አልኳት። የአህያ ጆሮ አልኳት። እናቷ በር ላይ ተቀምጣ ልብስ እያጣጠፈች "ቅጪልኝ እህቴ፣ ለሷው ነው" ትላለች። ቅጪልኝ መባሉ ደግሞ ይበልጥ ያደፋፍረኝ ነበር።

የመጨረሻው አርብ ቸኩያለሁ። እቤት እንግዳ ስለነበረ ምሳ ሳይደርስ መመለስ ነበረብኝ። ልጅቷ የዳይሬክተሩን ገጽ የመጨረሻ መስመር እየሠራች ነው። ነጠላዬን ስይዝ ጣቷን አየሁት፤ በቀኝ በኩል ባለው ሣጥን ላይ ነው።

"ደግሞ ከቀኝ!" ብዬ በያዝኩት ማስመሪያ ጣቷን መታሁት።

"ቲቸር፣ ይሄኛው እኮ . . ."

"ዝም በይ። የፈለጉትን ይስጡሽ፣ ከግራ ጀምሪ። በይ፣ ድገሚው!"

"ከግራ እጀምራለሁ" አለች። ጣቷን እየጠባች ከግራ ሠራችውና ደብተሩን ሰጠችኝ። ምን እንደጻፈች ሳላነብ፣ ከየት እንደጀመረች ብቻ አይቼ፣ ልክ ነው የሚለውን ምልክት አደረግኩበትና ወጣሁ።

ፈተናውን በተፈተነች በሳምንቱ አርብ ስሄድ እናትየዋ ወረቀቱን አቀበለችኝ። ማንበብ ስለማትችል እኔን ነበር የምትጠብቀው። ከላይ በቀይ 8/20 ይላል። ቅደም ተከተሉን ሁሉንም አግኝታዋለች። የጣሏት የመጨረሻዎቹ ሁለት ማሽኖች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ስድስት ነጥብ አላቸው። ማሽኖቹ የገባውን ቁጥር አይናገሩም፤ የወጣውን ሰጥተው መነሻውን ነው የሚጠይቁት። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከቀኝ ተነስቶ፣ የተባዛውን እያካፈሉ፣ የተቀነሰውን እየደመሩ ወደ ኋላ ካልሄዱ በቀር መልሱ አይገኝም።

አንደኛው በአራት አባዝቶ ስድስት የሚቀንስ ማሽን ነው፤ የወጣው ሠላሳ ነው። ልጅቷ በዳር በእርሳስ 30 + 6 = 36፣ 36 ÷ 4 = 9 ብላ ጽፋለች። ልክ ነው፤ ዘጠኝ ነው መልሱ። በላዩ ላይ ግን መስመር አስምራበታለች። ከሥሩ፣ ባስተማርኳት መንገድ፣ ሠላሳውን ከግራ አስገብታ 114 ብላለች። ሁለተኛውንም እንደዚሁ፤ አግኝታው ሰርዛዋለች።

የመታኋት ቀን የምትሠራውም እንዲህ ያለ የተገላቢጦሽ ማሽን እንደነበረ ያኔ ነው የገባኝ። ልጅቷ የሚጀመርበትን ቦታ ጥያቄውን አይቶ መምረጥ ችላ ነበር፤ አስተማሪ ነኝ ያልኩት እኔ ነኝ ያላየሁት። ወረቀቱን መልሼ ማጠፍ አቃተኝ።

"የቱ ጋ ነው የከበዳት?" አለች እናትየዋ።

ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ታየኛለች። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ዳይሬክተሩ ጋ ሄጄ ይህን የተሰረዘውን ይመልከቱልኝ፣ አስተማሪዋ ናት ያሳሳተቻት ማለት ነበረብኝ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

"ፈረንሳይኛው ነው" አልኩ። "ጥያቄው አልገባትም።"

እናትየዋ ወደ ልጇ ዞረች። "እውነት ነው?"

ልጅቷ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አጠፈችው። "አዎ እማ" አለች። "ፈረንሳይኛው ነው።"

"አይ፣ እሷማ ምን ታድርግ" አለች እናትየዋ፤ ጉልበቴን ይዛ ስለ ድካሜ መረቀችኝ። ልፋትሽ ይባረክ፣ እጅሽ አይንጠፍ፣ ያላለችኝ የለም። እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

በሚቀጥለው አርብ ሥራ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። በሚቀጥለውም ቀረሁ። በሦስተኛው ስሄድ ክፍሏን ሌሎች ሰዎች ተከራይተዋታል።

የገቡበትን ቤት አውቀዋለሁ፤ ከእኛ ሁለት መንገድ ወዲያ ነው። ጠዋት ዳቦ ቤቱ ሲከፈት ልጅቷ አንዱን መንታ አዝላ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ በር ላይ ትቆማለች። አንድ ቀን ከሩቅ አየችኝና እጇን አወዛወዘችልኝ። ከዚያ ወዲህ ዳቦ የምገዛው በላይኛው መንገድ ዞሬ ነው።