ቅቤ የገባበት የጎራ ስጎ

ጎባ ቁርስ ቤት ስሠራ ጨጨብሳ ላይ በማር ፋንታ የጎራ ስጎ ማፍሰስ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ሌላ ሰው «እኔ ነኝ» ሲል ብዙ ጊዜ ቆሜ ስለሰማሁ ነው።

ያስተማረኝ ሰው የለም። ስልኬ ላይ አንዲት የውጭ አገር ሴት ብሉቤሪ የሚባል ፍሬ ስታፈላ አየሁ። ብሉቤሪ እኛ ገበያ የለም፤ ጎራ ግን አለ። ከሀረና ጫካ የሚለቀም፣ ሲበስል የሚጠቁር የዱር እንጆሪ ነው። ሴትዮዋ ውሃ ጨምራ ነበር የቀቀለችው። ጎራ ውሃ አይፈልግም፤ ባልዲ ውስጥ ሆኖ በአይሱዙ የሳኔትን ተራራ ተሻግሮ እስኪደርስ ግማሹ ራሱ ውሃ ሆኗል። ቅጠሉንና እንጨቱን ለቅሜ፣ በወንፊት አለቅልቄ፣ ለዘብ ያለ ከሰል ላይ እጥደዋለሁ። የጠቆረ ብቻ ከሆነ አይረጋም፣ ስለዚህ ጥቂት ቀይ ፍሬ እቀላቅልበታለሁ። ሲፈነዳ ግማሹን በወንፊት እጨምቀዋለሁ፣ ግማሹን እንዳለ እተወዋለሁ። ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ አድርጌ መሃሉን በጣቴ እሰነጥቃለሁ፤ ስንጥቁ ካልተዘጋ ደርሷል። ማሩ የሚገባው ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው፣ አለዚያ ሽታው ይጠፋል። በመጨረሻ አንድ ማንኪያ ለጋ ቅቤ፣ እንዲያብረቀርቅ።

ረቡዕና ዓርብ ቅቤ አይገባም። ስለዚህ ሁለት ድስት ነበረኝ። የጾሙ ጆሮው ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሮበታል፤ የፍስኩ ምንም የለበትም።

የቤቱን ባለቤት እትዬ ነው የምንላቸው። የልጃቸው ባል ሒሳብ ላይ ይቀመጥ ነበር። ወጥ ቤት የሚገባው በዳቦ ስጎ ሊቀምስ ብቻ ነው። ጎራ ያቀላውን እጄን ባየ ቁጥር፣ ወንድ መሆኔን እያወቀ፣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፦

«ሙሽሪት! እንሶስላው እንዴት ያዘልሽ? ሰርጉ መቼ ነው?»

ተስተናጋጁ ይስቃል። ሰው ስጎውን ሲያደንቅ ደግሞ አድናቆቱን የሚቀበለው እሱ ነው። እትዬ ሮቤ ሁለተኛ ቤት ሊከፍቱ ሲነሱ፣ «ወጥ ቤቱን ይህን ስጎ ላመጣልኝ ሰው ነው የምሰጠው» አሉ። እሱም «ያመጣሁት እኔ ነኝ» አላቸው። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ እውነቱን ብነግራቸው፣ «የልጄ ባል ይዋሸኛል?» ብለው ሳቁብኝ። ሮቤ ከእጄ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥፋቱን እጠብቅለት ጀመር።

ረቡዕ ዕለት ነበር። ባልዲውን ላመጣ መናኸሪያ ሄጄ ስመለስ የማኅበር እናቶች ከቅዳሴ ወጥተው ጠረጴዛውን ሞልተውታል፤ እትዬም አብረዋቸው ተቀምጠዋል። እሱ ሊታይ ፈልጎ ወጥ ቤት ራሱ ገብቶ፣ ጨጨብሳው ላይ ስጎ አፍስሶ አቅርቦላቸዋል። በር ላይ ቆሜ ሳህኖቹን አየሁ። የጎባ ብርድ ቅቤ አይደብቅም፤ የስጎው ዳርና ዳር ስስ ነጭ ነገር ይዟል። ያፈሰሰው ከትናንት ከተረፈው የፍስኩ ድስት ነው።

እናቶቹ አቡነ ዘበሰማያት እየደገሙ ስለነበር ማንም ገና አልቀመሰም። ያኔውኑ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። አንድ ቃል ከአፉ እስኪወጣ ጠበቅኩ።

ጸሎቱ አለቀ። አንዷ ማንኪያ አነሱና፣ «ማን ነው እንዲህ ያለውን ነገር የሠራው?» አሉ።

«ማን ይሆናል? እኔ ነኛ!» አለ። «ከባልዲው እስከ ማሩ በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው። ይቺ ሙሽሪት ከሰል ነው የምታቀርብልኝ።»

ባልዲውን መሬት አስቀመጥኩ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «በእጅዎ ከሠሩት ቅቤ እንዳለው ያውቃሉ። ዛሬ ረቡዕ ነው።»

ማንኪያው እናትየዋ አፍ አጠገብ ቀረ። «በስመአብ! በጾም?» የሚል ድምፅ ከዚህም ከዚያም መጣ።

«ውሸቱን ነው! ምን ቅቤ አለው!»

«እንግዲያው ቀምሰው ያሳዩዋቸው።»

አማቱ ፊት፣ በጾም፣ እንዴት ይቅመስ? ሳህኑን አየ። ነጩን ነገር እሱም አየው።

እትዬ ተነሱ። «ቅቤ አስገብተህበታል ወይስ አላስገባህም?»

አስገብቻለሁ ቢል ጾመኞችን እያወቀ ሊያስገድፍ ነበር። አላወቅሁም ቢል ስጎው የእሱ አይደለም። ወደ እኔ ዞረ። «ድስት ተሳስተው ነው» ብልለት ይድናል፤ ዓይኑም ይህንኑ ይለምነኝ ነበር። እኔ ጎንበስ ብዬ ባልዲው ውስጥ ያለውን ጎራ አየሁ። ደህና ጎራ ነበር።

«እኔ አይደለሁም የሠራሁት» አለ በመጨረሻ።

«ማን ነው ታዲያ?» አሉ እትዬ።

«እሱ ነው።»

«እሱ ማን?» አልኩ።

ሁሉም ይጠብቁት ነበር። ከዚያ ስሜን ጠራ፣ በደንብ፣ ከነአባቴ። ስሜን እንደሚያውቀው ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

እናቶቹን ይቅርታ ጠይቄ፣ ሳህኖቹን አንስቼ፣ በዘይት የታሸ ጨጨብሳ ከጾሙ ስጎ ጋር አቀረብኩላቸው። ሲወጡ እትዬ ሁሉ እየሰማ፣ «ሮቤ የአንተ ናት» አሉኝ።

ማታ በጓሮ በር ጠብቆ ያዘኝ። «ሰው ፊት እንዲህ ታዋርደኛለህ? ለብቻዬ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? በል፣ ወንድም ነን» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«እርስዎስ ለብቻዬ ነው እንዴ ሙሽሪት ሲሉኝ የነበረው?» አልኩት። እጁን አልጨበጥኩትም።

አሁን ሮቤ ነኝ። አንዳንዴ እትዬን ይዞ ይመጣል፤ እሱም ስጎውን ያዝዛል። በደንብ እሠራለታለሁ፣ ከማንም አላሳንስበትም። ከዚያ ራሴ ይዤ እወጣና፣ ቤቱ በሰው ሲሞላ ጠብቄ፣ ሐሙስም ይሁን ቅዳሜ ጎንበስ ብዬ እጠይቀዋለሁ፦

«ጋሼ፣ የጾሙን ነው የፍስኩን?»

ተስተናጋጁ ትሕትና ይመስለዋል። እሱ ግን ፊቱ ይለዋወጣል። እትዬ አንድ ቀን ወደ ጎን ጠርተው «አይበቃውም?» አሉኝ።

«ገና ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።