ሳይሞት ደረት የምትደቃው እህቴ

ጻፊ ልጄ። ታላቅ እህቴ እዚህ ጋምቤላ ነርስ ነበረች። "እናንተ ሰው ሲሞት የራሳችሁን ደረት ትደቃላችሁ፤ እኔ ሳይሞት የሱን እደቃለሁ" ትል ነበር። ልቡ የቆመን ሰው ደረቱን እየተጫኑ ማትረፍ ተምራ ስለነበር፣ እንዳይጠፋባት ከሥራ ስትመለስ የበቆሎ ጆንያ አጋድማ፣ ክንዷን ቀጥ አድርጋ ትጫነው ነበር። እኔ እስቅባት ነበር።

ክልል የሆንን ሰሞን ገበያ ውስጥ ጠብ ተነሳ። ዱላው ሲጋጋል አንድ ነጋዴ ልቡ ቆመና ወደቀ። እህቴ ሮጣ ደረቱን ትጫን ጀመር። የጎድን አጥንቱ ቀጭ ሲል ሰማሁት።

"ሬሳ ትደበድቢያለሽ?" አለና ወንድሙ ጭንቅላቷን በዱላ መታት።

"እትዬ፣ ልቀቂው፣ ይገድልሻል!"

"ዝም በይ! ከለቀቅኩት ይሞታል።"

ደገማት። ደሟ ሰውዬው ሸሚዝ ላይ እየተንጠባጠበ መጫኗን አልተወችም። በኋላ ሰውዬው አቃሰተ። ወንድሙ ዱላውን ዝቅ አደረገ።

"በል፣ አሁን ሥራ ፈትቻለሁ፣ ምታኝ" አለችው።

እግሯ ላይ ወደቀ።

ባለፈው ሰሞን ቀበርናት። አሁንም ሰፈር ውስጥ ሰው ሲወድቅ፣ መሞቷን በድንጋጤ ረስተው በራችንን ይደበድባሉ፤ "ሲስተርን ጥሪልን!" ይሉኛል። የለችም ማለት አፌ እምቢ ስለሚለኝ፣ የሕክምና ነገር ምንም ሳላውቅ ነጠላዬን አንስቼ እከተላቸዋለሁ።