ገመዱ እንዳይነቀል

የልጄ ልጅ ከአዲስ አበባ የመጣችው ለእረፍት መስሎኝ ነበር። እኔ በዚያ ሰሞን ባቲ ወርጄ፣ ከገበያው በኋላም የወንድሜ ልጆች ዘንድ ሁለት ቀን አድሬ ነው ከሚሴ የተመለስኩት። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ልጆቼ ስልክ ሲደውሉልኝ «ደህና ነሽ ወይ» ከማለታቸው በፊት «የት ነሽ» ነው የሚሉት። ቤት ስገባ ልጅቱ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ምሳዋ ከጎኗ ቀዝቅዞ፣ ዓይኗ ቀልቶ አገኘኋት።

«አኮ፣ መጣሽ?» አለችኝ፤ ቀና እንኳን አላለችም። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። በቤታችን አማርኛውም ኦሮምኛውም ተቀላቅሎ ይነገራል፤ ለእኔ ግን ትንሹም ትልቁም መጠሪያው ይኸው ነው።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ደብተራቸውን ዘርግተው ሲያጠኑ በጎን አጮልቄ ነው። ስለዚህ የእሷን ሥራ የምነግራችሁ እንደገባኝ ነው። የምትሠራበት ድርጅት በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ የሚቆጣጠር ሳጥን ይሠራል። ሳጥኑ ፀሐይ ስትበረታ ፓምፑን ያፈጥነዋል፣ ሲደምን ያዘገየዋል፣ የወጣውንም ውሃ ይቆጥራል። ከሳጥኑ ውስጥ የእሷ ድርሻ ከርነል የሚሉት ነው። ከርነል ማለት ከፕሮግራሞቹ ሁሉ በታች ተቀምጦ፣ ለእያንዳንዱ ቦታና ተራ የሚሰጥ ነው አለችኝ። እሱ ከወደቀ፣ ማለትም ሥራ ካቆመ፣ ሁሉም ይወድቃል።

እየወደቀ ያስቸገረው ሳጥን ደግሞ የሌላ አገር አልነበረም። ከሰንበቴ በታች ወደ ቆላው፣ ታናሽ እህቴ በተዳረችበት መንደር ያለው ነው። በየሦስት በየአራት ቀኑ ድንገት ይወድቃል፣ ቦኖው ይደርቃል። የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ተሰብስቦ «ሁለት እሁድ እንጠብቃለን፤ እስከዚያ ምን እንደሚነካው ካልታወቀ ሳጥኑን ፈተን ለባለቤቶቹ እንመልሳለን፣ የድሮውን ጀነሬተር እናስጠግናለን» ብሏል። የድሮው ጀነሬተር ውስጡ አይጥ ወልዶበታል። እህቴ ይህን ስትሰማ ጉልበቷን ነው የያዘችው፤ ሳጥኑ ከሄደ ወንዝ መውረድ ሊመጣ ነዋ!

«ሲወድቅ ምን እንደነካው አይናገርም?» አልኳት የልጄን ልጅ።

«ይናገራል እንጂ አኮ። ከርነሉ ሲወድቅ ሚሞሪው የያዘውን እንደያዘ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። ከዚያ ሳጥኑ ራሱን ሲያስነሳ ያንን አንስቶ ካርድ ላይ ይገለብጠዋል። እኔ ካርዱን አንብቤ አወዳደቁን አያለሁ።»

«ታዲያ አንብቢዋ!»

«ሁሉን አይገለብጥማ! ካርዱ ጠባብ ነው። የሚገለብጠው የተመዘገበ ቦታ ብቻ ነው። ገና በደህናው ሲነሳ ‹ይህ ቦታ ስሙ ይህ ነው፣ ከዚህ ይጀምራል፣ ስፋቱ ይህን ያህል ነው› ብዬ ማስመዝገብ አለብኝ። መዝገቡ ስምንት መስመር ብቻ ነው ያለው።»

«ከወደቀ በኋላ ቢመዘገብስ?»

«ከወደቀ በኋላ ማን ይመዘግበዋል?»

ይህቺ ነገር ልቤ ውስጥ ቀረች። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የእርሻችንን ድንበር ድንጋይ ለብቻው ነበር የሚያውቀው። ከየት ይጀምራል፣ ስንት እርምጃ ነው፣ ለማንም ሳያሳይ ሞተ። እኛና ጎረቤታችን ስንት ዓመት በእግር ስንለካ ከረምን። በደህናው ጊዜ የሚጠይቅ ሰው ጠፍቶ እንጂ አንድ ከሰዓት አይፈጅም ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የልጅቱ ችግር ሳጥኑ በወደቀ ቁጥር ካርዱ ባዶ ሆኖ መገኘቱ ነው። ስምንቱን ቦታዎች አስመዝግባለች፤ ካርዱ ላይ ግን አንዱም የለም። «ምዝገባው ላይ የሆነ ነገር ተሳስቻለሁ» እያለች ኮዷን ደግማ ደጋግማ ታነባለች። በሦስተኛው ቀን ላፕቶፑን ከጉልበቷ አነሳሁት።

«ተነሽ። የታመመው እዚያ፣ ሐኪሙ እዚህ! እንውረድ።»

እስከ ሰንበቴ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ ወረድን። የቦኖው ጠባቂ ዕድሜውን በከብት ኋላ የጨረሰ ረጅም ሽማግሌ ነው። ከእሱ ጋር ሰላምታ ብቻ ግማሽ ሰዓት ወሰደብን፤ አካም ጂርቱ፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ፣ ልጆቹስ። ልጅቱ በእግሯ መሬቱን እየመታች ጠበቀችና «አባባ፣ ሲወድቅ ሳጥኑን ይነኩታል?» አለችው።

«ወላሂ፣ እጄ ሳጥኑን ነክቶ አያውቅም!»

አመነችው። እኔም አመንኩት፤ የሚዋሽ ፊት አልነበረውም።

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ ከእህቴ ጋር ከጀሪካኑ ሰልፍ አጠገብ ተቀምጠን ነበር። ልጅቱ ከወዲያ በኩል ሶላሩን ታያለች። የሳጥኑ መብራት ቀላ፣ ውሃው ቀጥ አለ። ሽማግሌው ተነሳ፣ «ቢስሚላህ» አለ፣ ከባትሪው የሚመጣውን ገመድ ነቀለው። ጫፉን በሽርጡ ጠረገ፣ ትንሽ ቆየለት፣ መልሶ ሰካው። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ውሃው መጣ፣ ሴቶቹም መረቁት። ልጅቱ ሮጣ መጥታ ካርዱን አየች። ባዶ!

«ገመዱን ነቅሎታል» አልኳት።

«አባባ! አልነካሁም አላሉኝም?»

«ሳጥኑን መች ነካሁ? ገመዱን ነው እንጂ» አለ ሽማግሌው ቅር ብሎት። «ልጄ፣ በሬ እያረሰ ቢወድቅብሽ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ? ምን ነካህ ብለሽ ትጠይቂዋለሽ? ገመዱን ትፈቺለታለሽ፣ ይተነፍሳል። እኔም ፈታሁለት።»

ልጅቱ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ መሬቱ ላይ ዘጭ አለች። የምታለቅስ መስሎኝ ስጠጋት ትስቃለች። «አኮ፣ ምዝገባዬ ደህና ነበር! ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ሚሞሪው የያዘውን ሁሉ ይጥለዋል። ሳጥኑ የሚገለብጠው ነገር አያገኝም።»

ስለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ይወድቃል፣ ማንም ሳይነካው ራሱ ይነሳል። ቀዩ መብራት ቢጫ፣ ቢጫው አረንጓዴ እስኪሆን ሩብ ሰዓት አይሞላም አለች።

«ሩብ ሰዓት?» አለ ሽማግሌው። «እነዚህን ሴቶች አታውቂያቸውም።»

መንደሩ ውስጥ ስልክ እንጂ ኢንተርኔት ስለሌለ ልጅቱ ወደ ከሚሴ መመለስ ነበረባት። ሽማግሌው ደግሞ ለሰላት ይሄዳል፣ ለምሳ ይሄዳል፣ ሲሄድ የወንድሙን ልጅ ይተካል፤ እጃቸውም የለመደውን ነው የሚሠራው።

«እኔ እቀመጣለሁ» አልኩ።

እህቴ ሳቀች። «አንቺ? ሰርግሽ ላይ እንኳን አንድ ቦታ አልተቀመጥሽም!»

ተቀመጥኩ። ጠዋት በርጩማዬን ይዤ ወርጄ ከባትሪው አጠገብ አኖረዋለሁ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እነሳለሁ። ሙሰበሃዬን እቆጥራለሁ፣ ሴቶቹን አጫውታለሁ፣ ዓይኔ ግን ከመብራቱ አይነቀልም። እሁድ መጣ። የሰንበቴ ገበያ ቀን ነው። ፍየል የሚነዱት፣ ጨው የጫኑት፣ የአፋሮቹ ግመሎች በፊቴ አለፉ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰንበቴን እሁድ እዚህ ቁጭ ብዬ ሲያልፍ ማየቴ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እግሬ ራሱ ተነሺ ተነሺ ይለኛል። በርጩማዬን ወደ ባትሪው አስጠጋሁት።

ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ ወደቀ። ሰልፉ እስከ ግራሩ ደርሷል። ቀዩ መብራት ሲበራ ሴቶቹ ባንድ አፍ ጮኹ። ሽማግሌው ሳያስበው እጁ ወደ ገመዱ ሄደ። ዱላዬን በመካከል ዘረጋሁ።

«እጅዎን!»

ደነገጠ። ከዚያ ሁለቱን እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ አንዱን በአንዱ ያዘው።

ልጅ ያዘለች አንዲት ወጣት ከሰልፉ ወጥታ መጣች፤ በመንደሩ ትልቅ ሴት አዴ ነው የምትባለው። «አዴ፣ ይነሱልን እንጂ! ይነቅለውና ውሃችንን እንቅዳ። ምን ሊሆኑ ነው፣ ማሽን ሊያዋልዱ?»

«አዎ፣ ላዋልድ ነው። ምጥ ላይ ያለችን ሴት ተነሺ ትያታለሽ?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «ልጄን ውሃ ጠማው እኮ!»

«እህቴ ቤት እንስራው ሙሉ ነው፣ ሂጂና አጠጪው። ገመዱ ግን አይነቀልም።»

ሩብ ሰዓት ረጅም ነው። ስድቡ ይረዝማል፣ ፀሐዩ ይረዝማል። አንዷ «ከሚሴዎች ውሃ በቧንቧ ይጠጣሉ፣ ምን ቸገራቸው!» አለች፤ ሰማሁ፣ ሙሰበሃዬን ቆጠርኩ። መብራቱ ቢጫ ሆነ። ሁሉም ወደ መብራቱ ዞሩ። አረንጓዴ ሆነ፣ ቦኖው ሁለት ጊዜ አስሎ ውሃውን ለቀቀው።

ደውለንላት ነበርና ልጅቱ በማግስቱ በጠዋት ደረሰች። በእህቴ ደጃፍ ተቀምጣ ካርዱን ከፈተችው። «አልሐምዱሊላህ! ስምንቱም ሞልተዋል!» ብላ ጮኸች። ከዚያ አንዱን ቦታ ደጋግማ አነበበች።

«ምነው?»

«የፓምፑ ፍጥነት የተጻፈበት ቦታ ላይ የማያውቀው ቁጥር ተጽፎበታል። የሆነ ነገር ድንበር አልፎ ጽፎበታል። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከጎኑ ያለውን ቦታ አላስመዘገብኩትም።»

«አሁን አስመዝግቢዋ።»

«መስመር የለኝም አኮ። ስምንቱም ተይዘዋል።»

«ከስምንቱ ምንም ያልነገረሽ የለም?»

አንድ በአንድ አየቻቸው። የሳጥኑን ትንሽ ስክሪን የያዘው ቦታ ባዶ ወሬ ነበር። ሰረዘችው፤ በእሱ ፈንታ የጎረቤቱን ቦታ በስሙ፣ በመነሻውና በስፋቱ አስመዘገበችው። አዲሱን ወደ ሳጥኑ ጫነች። በዚህ ጊዜ ከሚሴ አልተመለሰችም፤ አብራኝ ተቀመጠች። አሁን እንደገና መውደቅ አለበት፤ እስከ እሁድ።

አልወደቀም! ሐሙስ ደመና፣ ዓርብ ደመና፣ ቅዳሜ ካፊያ። ሳጥኑ እንደ ደህና ሰው ይሠራል። ያቺ ልጅ ያዘለችው ወጣት እንኳን ጀሪካኗን እየሞላች «ዛሬም አልወደቀም እንዴ? ሲፈልጉት ነው የሚኮራው!» አለችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት እጄን ዘርግቼ «ያ ረቢ፣ ጣለው» ብዬ ዱዓ ሳደርግ ራሴን ሰማሁት። አፈርኩ። እሱ ሲወድቅ የሚጠማው ይሄ ሁሉ ሰው ነው። ግን እጄን አላጠፍኩም።

እሁድ ሰማዩ ጥርት አለ። ከገበያ መልስ ሦስት የኮሚቴ ሰዎች መጡ፤ ሊቀመንበሩ መፍቻ ይዟል።

«እንግዲህ ሁለት እሁድ አልን፣ ሁለት እሁድ ሆነ» አለ። «ልጅቷ ለፍታለች፣ እናመሰግናለን። መንደሩን ግን በተስፋ ማኖር አንችልም።»

«ሰዓቱ ስንት ነው?» አልኩት።

«ስድስት ተኩል።»

«እስኪመሽ እሁድ ነው። ይቀመጡ።»

«አዴ፣ በእርስዎ በርጩማ መንደር አይተዳደርም።»

«ይቀመጡ ብያለሁ። ውሃ ጠጡ፣ ከገበያ ነው የመጣችሁት።»

ሰዎቹ ተያዩ። ተቀመጡ፤ ለውሃው ይሁን ለሽበቴ አላውቅም። ሰባት ሰዓት አለፈ። ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ መብራቱን ታያለች። ሊቀመንበሩ መፍቻውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ያቀያይራል። ሊነሳ ወገቡን ሲይዝ መብራቱ ቀላ።

«ይኸው! ይኸው ነው የምንለው!» ብሎ ወደ ገመዱ ተራመደ። እኔ ጉልበቴ እስኪታዘዝልኝ ድረስ ሽማግሌው ቀደመኝ። በቁመቱ ሙሉ በሊቀመንበሩ ፊት ቆመ።

«ማንም አይነካውም። ራሱ ይነሳል፣ ቆመው ይዩት።»

ቆመው አዩት። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ልጅቱ ካርዱን አውጥታ ላፕቶፑን እዚያው በርጩማዬ ላይ ከፈተች፤ የኮሚቴው ሰዎች ከላይዋ አጎነበሱ። የጎረቤቱን ቦታ ስታወጣ ጣቷ ቆመ።

«ውሃ ቆጣሪው ነው!» አለች። «ፀሐይ ስትበረታ ውሃው ይበዛል፣ ቆጣሪው የሚጽፍበት ቦታ ይሞላል። መሙላቱን ሳያይ ይቀጥልና ጎረቤቱ ላይ ይጽፋል። ድንበሩን ያልጠበቅኩት እኔ ነኝ።»

«ማለት ውሃው ሲበዛ ነው የሚወድቀው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«አዎ።»

«ያ አላህ! በጥጋብ!»

ሽማግሌው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። «ስንት ቀን ይፈልጋል ለማስተካከል?»

«ስፋቱን ለክቼ፣ ሲሞላ እንዲቆም ማድረግ ነው። አሁን፣ እዚሁ።»

እሷ እስክትጽፍ ማንም አልሄደም። አዲሱን ስትጭን ፀሐይዋ ገና ትጋረፋለች፤ ፓምፑ በሙሉ ጉልበቱ ተነሳ። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ፣ መብራቱ አረንጓዴ እንደሆነ ቆየ። ሊቀመንበሩ መፍቻውን ኪሱ ከተተው። «እስከ ረመዷን ይቆይ። ከወደቀ ግን እመጣለሁ» አለ።

«ከወደቀ ለእኔ ይደውሉልኝ» አለችው ልጅቱ፣ «ገመዱን ግን እንዳይነኩት።»

ላመሰግን አፌን ስከፍት ከኋላዬ ያቺ ወጣት ጮኸች፦ «አዴ፣ አሁንስ ከቦኖው ፊት ይነሱ! ሰልፉ ቆሟል እኮ፣ እህትዎም ጀሪካኗን ይዛ ወረፋ ላይ ናት!»

ተነሳሁ። በርጩማዬን አነሳሁ። እህቴ ጀሪካኗን ከቧንቧው ሥር አስጠጋች፣ እኔም ከጎን ያዝኩላት።