ባቡሩ ካለፈ በኋላ የሚያልፈው

ዛሬ ቀትር ላይ፣ ከደቻቱ ድልድይ ወዲህ የድሮውን ሀዲድ ልንሻገር ስንል የተሳፈርኩበት ባጃጅ ቆመ። በዚህ መስመር ባቡር ማለፍ ካቆመ ቆይቷል፤ ሀዲዱም ዝጓል። ፀሐይ ያጋለው ጠጠር ግን አሁንም የባቡር ዘይት ይሸታል።

ልጅ ሳለሁ እዚሁ መሻገሪያ ላይ መንገድ የሚዘጋውን ብረት የሚያወርዱት አዴ ፋጡማ ነበሩ። ባቡሩ ድልድዩ ላይ በሰው እርምጃ እንዲሄድ ታዞ ነበር፤ ቅድሚያውም የእሱ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የመጨረሻው ፉርጎ አልፎም ብረቱን አላነሱም። ሊሻገሩ የቆሙት ፍየሎች ጭጭ አሉ። ነፋስ ሳይኖር ቀሚሴ ወደ ሀዲዱ ተሳበ።

«አዴ፣ አለፈ እኮ!» አልኳቸው።

«ባቡሩ አለፈ። የሚከተለው ገና ነው» አሉና ትከሻዬን ያዙ። «እሱ አይጮህም። ቅድሚያ ካልሰጠሽው ግን ይዞሽ ይሄዳል።»

ባዶውን ሀዲድ ከግራ ወደ ቀኝ በዓይናቸው ሸኝተው ብረቱን አነሱ።

የባጃጁ ሹፌር ልጅ እግር ነው፤ አዴ ፋጡማን ሊያውቃቸው አይችልም።

«አቦ፣ ምን ሆነህ ቆምክ?» አልኩት።

ዓይኑ ባዶው ሀዲድ ላይ፣ በሰው እርምጃ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሳላስበው ቀሚሴን በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ።